ጠዋት እውነተኛ፣ ቀትር ላይ ሐሰተኛ

የዛሬው ጉዳይ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ዕቃ ነው። የመኪና ሞተር ቴስታታ ጫፍ ላይ ወይም ቴርሞስታቱ ከተቀመጠበት አጠገብ ተጠምዝዞ ይገባል፤ የናስ አፍንጫው በሞተሩና በራዲያተሩ መሐል በሚዘዋወረው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይኖራል፤ ከላይ ባለው የፕላስቲክ ሶኬት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይይዛል። ጋራዥ ውስጥ «የውሃ ሴንሰር» ወይም «የሙቀት ሴንሰር» ይባላል። ዕቃው ራሱ ውድ አይደለም። ውድ የሚሆነው ሳይመረመር ሲወነጀል፣ ወይም ጥፋቱ የሱ ሆኖ ሳለ ሌላ ዕቃ በስሙ ሲቀየር ነው።

አንድ ቤንዚን ኮሮላ ይታሰብ። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ባለቤቱ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ቢሮ ይገባል። በምሳ ሰዓት ያንኑ ሞቆ የቆመ ሞተር ሊያስነሳ ሲል ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ እሳት አይዝም። ከብዙ ልምምጥ በኋላ ሲነሳ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። በሳምንት የሚቀዳው ነዳጅም ጨምሯል። ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ ካንዴላ ይቀየራል፤ ጥቀርሻ ለብሶ ስለተገኘ ጥፋተኛው እሱ ይመስላል። ቀጥሎ ኢንጀክተር ይታጠባል። ቀጥሎ የቤንዚን ፓምፕ ይወርዳል። በስተመጨረሻ አንዱ «የውሃ ሴንሰሩ ነው» ይላል፤ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ አዲስ ተገዝቶ ይገጠማል። መኪናው ግን ያው ነው፤ ጠዋት ጨዋ፣ ቀትር ላይ እምቢተኛ።

ይህ ኮሮላ የአንድ ሰው መኪና አይደለም፤ የብዙ መኪኖች ታሪክ ተጨምቆ የወጣበት ምሳሌ ነው። ጥፋቱ የት እንዳለ ለማወቅ ግን መጀመሪያ ትንሹ ዕቃ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ያስፈልጋል።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ በ1833 እ.ኤ.አ. ሲልቨር ሰልፋይድ የተባለ ውህድ ሲያሞቅ እንግዳ ነገር አስተዋለ። መዳብም ሆነ ብረት ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ይቸገራል፤ ይህ ውህድ ግን በሞቀ ቁጥር ይበልጥ አሳላፊ ሆነ። ዛሬ በሴንሰሩ የናስ አፍንጫ ውስጥ የተቀበረችው ፍሬ የምትሠራው በዚሁ ጠባይ ነው። ስትቀዘቅዝ ለኤሌክትሪክ ጉዞ እምቢታዋ፣ ማለትም ሬዚስታንሷ፣ ይጨምራል፤ ስትሞቅ ይቀንሳል። የጀርመኑ ቦሽ በ1967 እ.ኤ.አ. በቮልስዋገን 1600 ላይ ዲ ጄትሮኒክ የተባለውን፣ በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዘውን የቤንዚን መርጫ ሲገጥም የሙቀት ሴንሰር አብሮ ገብቷል። ያ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ስለነበር ሴንሰሩ የተተከለው ውሃ ውስጥ ሳይሆን ቴስታታው ላይ ነበር። ውሃም ይሁን አየር፣ ቤንዚን የሚመጥን ኮምፒዩተር ሞተሩ ምን ያህል እንደሞቀ ሳያውቅ ሥራውን ሊሠራ አይችልም።

በካርቡሬተር ዘመን ይህ የሾፌሩ ሥራ ነበር። ጠዋት ቾኩን ይስባል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይመልሳል። የቀዘቀዘ ሞተር ውስጥ ቤንዚን በደንብ ስለማይተን ከተረጨው ከፊሉ ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ብዙ መርጨት ያስፈልጋል። ሲሞቅ ያው መጠን ይበዛል። ዛሬ ይህን የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ነው፤ የሚወስነውም በሴንሰሩ ቃል ነው። የነዳጁ መጠን፣ የካንዴላው እሳት የሚነሳበት ቅጽበት፣ የሚኒሞው ከፍታ፣ በብዙ መኪኖችም የራዲያተሩ ቬንትሌተር የሚነሳበት ጊዜ ከዚህች ፍሬ ጋር የተያያዙ ናቸው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው በርካታ ቶዮታዎች ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ኦቨርድራይቭ አይገቡም። «ካምቢዮው የመጨረሻውን ማርሽ እምቢ አለኝ» ብሎ የመጣ መኪና ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት የውሃው ሙቀት መታየት አለበት።

ቋንቋቸው ቀላል ነው። ኮምፒዩተሩ 5 ቮልት በራሱ ውስጥ ባለ ቋሚ ሬዚስታንስ አሳልፎ በአንዱ ሽቦ ይልካል፤ ሁለተኛው ሽቦ በሴንሰሩ በኩል የመጣውን ወደ ኔጋቲቩ፣ በጋራዥ ቋንቋ ወደ ማሳው፣ ይመልሳል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን በመስመሩ ላይ የሚነበበው ቮልቴጅ ከፍ ይላል፤ ሲሞቅ ይወርዳል። በተለመዱት የቶዮታ ሴንሰሮች ሬዚስታንሱ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ40 ዲግሪ 1 ኪሎ ኦም አካባቢ፣ በ60 ዲግሪ ከ400 እስከ 700 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች ጋራዥ ግድግዳ ላይ ጽፎ የለጠፈ መካኒክ ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ሴንሰሩ ሲዋሽ በሁለት አቅጣጫ ይዋሻል። ሙቅ ሞተር «ቀዝቃዛ ነው» ከተባለ ኮምፒዩተሩ ቤንዚን ያበዛል፦ ጥቁር ጭስ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላ፣ ከፍ ያለ ሚኒሞ፣ ሙቅ ሆኖ አልነሳም ማለት፣ የሚበላ ኪስ። ሲቆይም ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያቃጥለዋል፤ በሲሊንደር ግድግዳ ላይ የሚቀረውም የሞተር ዘይቱን ያቀጥነዋል። በተቃራኒው ቀዝቃዛ ሞተር «ሙቅ ነው» ከተባለ ቤንዚኑ ያንሳል። በአዲስ አበባ የኅዳር ጠዋት ሞተሩ ብዙ ዞሮ በግድ ይነሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚን ሲረገጥ ይታፈናል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልነበረ ይስተካከላል። ምክንያቱም ሞተሩ ራሱ ሞቆ ውሸቱ ወደ እውነት ስለተጠጋ ነው። መካኒኩ ዘንድ ሲደርስ ሞቆ ስለሚደርስ «ምንም የለውም» ተብሎ የሚመለሰው ይኸኛው ነው።

አሁን ወደ ኮሮላው። ጠዋት ጨዋ፣ ቀትር ላይ እምቢተኛ የሆነው ለምንድን ነው? አዲሱ ሴንሰርስ ለምን አላዳነውም?

ሶኬቱ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የብረት ምላሶች አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል እንበል። ዝገቱ በመስመሩ ላይ 250 ኦም ጨመረ። ጠዋት በ20 ዲግሪ ሴንሰሩ ራሱ ወደ 2,450 ኦም ያሳያል፤ ዝገቱ ሲደመር 2,700 ይሆናል። ኮምፒዩተሩ 20 ዲግሪውን ከ17 እስከ 18 አድርጎ ያነበዋል። ሁለት ሦስት ዲግሪ ለውጥ ማንም አይሰማውም። ቀትር ላይ በ80 ዲግሪ ግን የሴንሰሩ ድርሻ 320 ኦም ብቻ ነው። ያው 250 ኦም ሲደመርበት 570 ይሆናል፤ ኮምፒዩተሩ የሚያነበው 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያው ዝገት፣ ያው ሽቦ፤ ጠዋት እውነተኛ፣ ቀትር ላይ የ20 ዲግሪ ሐሰተኛ። አዲሱ ሴንሰር በዛገው ሶኬት ላይ ስለተሰካ ውሸቱን ወረሰ።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጣው ነገር የዚህ ዲስኩር ዋና ጭብጥ ነው። በቀዝቃዛ ብቻ ወይም በሙቅ ብቻ የተለካ ሴንሰር አልተለካም። ሴንሰሩ ወልቆ ጠረጴዛ ላይ በመልቲሜትር ተለክቶ «ጤነኛ» ቢባልም፣ ሶኬቱና ሽቦው አብረው እስካልተፈተኑ ድረስ ምርመራው ግማሽ ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ ደግሞ ሽቦ ተቆርጦ የተቀጠለበት ቦታ ሁሉ መታየት አለበት፤ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥል በጊዜ ብዛት እንደዚያ ሶኬት ይዝጋል።

ሾፌሩ የሚያየው ጌጅ የራሱ ነገር አለው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ውሃው ውስጥ የተነከሩት ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፦ አንዱ ባለ ሁለት ሽቦው የኮምፒዩተር ሴንሰር፣ ሌላው ለዳሽቦርዱ ጌጅ ብቻ የሚያገለግል ባለ አንድ ሽቦ ዕቃ። ባለ አንድ ሽቦው ማሳውን የሚያገኘው በራሱ ጥርስ በኩል ከሞተሩ አካል ነው። ውሃ እንዳያንጠባጥብ ተብሎ ጥርሱ ላይ ወፍራም ነጭ ቴፕ ከተጠቀለለበት ማሳው ይታፈንና ጌጁ ዝቅ ብሎ ያነባል። ስለዚህ ጌጁ ትክክል መሆኑ ለኮምፒዩተሩ ሴንሰር ምስክር አይሆንም፤ የጌጁ መሳሳትም ያንን አያስወነጅልም። ቮልስዋገን በበርካታ ሞዴሎቹ ሁለቱን በአንድ ባለ 4 እግር ዕቃ ውስጥ አዋህዷቸዋል፤ እዚያም ቢሆን አንዱ ሞቶ ሌላው ሊኖር ይችላል። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ጌጁ ሆን ተብሎ እንዲረጋጋ ተደርጓል፤ ከ75 እስከ 105 ዲግሪ ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ መሐል ላይ ተተክሎ ንቅንቅ አይልም። ብዙ ያሪሶችና ቪትዞችማ ጌጅ ጭራሽ የላቸውም፤ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ነው። ሰማያዊው መብራት ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ያ ራሱ የምርመራ መጀመሪያ ነው።

ኮምፒዩተሩ የመዘገበውን የጥፋት ኮድ ማንበብ ዛሬ ከባድ አይደለም። አሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ሁሉ ባለ 16 ቀዳዳውን የኦቢዲ 2 ሶኬት እንዲይዙ አስገድዳለች፤ አውሮፓም ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከትላለች። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ መኪኖች ግን ሶኬቱን ቢይዙም ቋንቋው የተለየ ስለሆነ ርካሹ የኮድ ማንበቢያ መሣሪያ አይግባባቸውም። ከኦቢዲ 2 በፊት ለተሠሩት ቶዮታዎች መፍትሔው ሽቦ ነው፦ ኮፈኑ ሥር ባለው የመፈተሻ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች ተገናኝተው ቁልፉ ሲከፈት የቼክ ኢንጅን መብራቱ ብልጭታ ይቆጥራል። ሁለት ብልጭታ፣ ዕረፍት፣ ሁለት ብልጭታ ማለት 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር መስመር።

መስመር የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። ፒ0117 ሲወጣ ኮምፒዩተሩ ያየው ቮልቴጁ ከሚገባው በታች መውረዱን ነው፤ ሽቦዎች ተነካክተው ሊሆን ይችላል። ፒ0118 ቮልቴጁ ከሚገባው በላይ መውጣቱን ነው፤ ሽቦ ተቆርጦ ወይም ሶኬት ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ፒ0119 መጥቶ የሚሄድ መቆራረጥ ነው። ፒ0116 ንባቡ የማይታመን መሆኑን ይናገራል። ከእነዚህ አንዱም «ሴንሰሩ ተቃጥሏል» አይልም። ፒ0128 ደግሞ ከነጭራሹ ስለ ሌላ ነገር ነው፦ ውሃው ቴርሞስታቱ ወደሚሠራበት ሙቀት በጊዜው አልደረሰም የሚል ክስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው ተከፍቶ የቀረ ቴርሞስታት ነው። የኮሮላው ዓይነት የ20 ዲግሪ ውሸት ደግሞ ምንም ኮድ ሳያወጣ ለወራት ሊቀመጥ ይችላል፤ 60 ዲግሪ ለኮምፒዩተሩ ሊሆን የሚችል ቁጥር ነውና።

ታዲያ ምርመራው የሚጀመረው በኮድ ሳይሆን በጠዋት ነው። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ያድራል። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ይከፈትና በመሣሪያው ሁለት ቁጥሮች ይነበባሉ፦ የውሃው ሙቀትና የሚገባው አየር ሙቀት። ሌሊቱን አብረው ያደሩ ዕቃዎች በጥቂት ዲግሪ ልዩነት መስማማት አለባቸው። ውጪው 12 ዲግሪ ሆኖ አየሩ 13፣ ውሃው 35 ቢል አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው። ይህ ፈተና ምንም አያስወጣም፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም መካኒኩ መኪናውን ከሌሊት ዕረፍቱ ሲነሳ ስለማያገኘው ነው። ባለቤቱ ራሱ አንብቦ ጽፎ ሊያመጣው ይችላል፤ የሚያመጣትም ወረቀት ከብዙ ገለጻ ትበልጣለች።

ቀጥሎ ሞተሩ ይነሳል፣ ቁጥሩ ሲወጣ ይታያል። ጤነኛ ሴንሰር ሳይዘል፣ ሳይቆም፣ ቀስ እያለ ይወጣል። በብዙ ቶዮታዎች ቴርሞስታቱ መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ከራዲያተሩ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚገባ ቁጥሩ ለአፍታ ይረጋጋል ወይም በትንሹ ይወርዳል። ያን ጊዜ የላይኛውም የታችኛውም የራዲያተር ጎማ ይሞቃል። ቁጥሩ ከ40 በድንገት ወደ 70 ዘሎ ወደ 45 ከተመለሰ ሙቀት እንዲህ አይዘልም፤ ሽቦው ወይም ሶኬቱ ነው። ሽቦውን በእጅ እያወዛወዙ ቁጥሩን መመልከት ያኔ ጥቅሙ ይታያል። ቁጥሩ ሳይዘል 60 ላይ ከቀረና የላይኛው ጎማ እጅ የማያስነካ ከሆነ ደግሞ ሴንሰሩ ወይም መስመሩ ዝቅ አድርጎ እያነበበ ነው፤ ኮሮላው እዚህ ጋ ይያዛል።

ከዚያ ሁለት ፈጣን ፈተናዎች አሉ። ሶኬቱ ይነቀላል፤ መሣሪያው −40 ዲግሪ ማሳየት አለበት። በኦቢዲ 2 ቋንቋ የውሃው ሙቀት የሚላከው 40 ተጨምሮበት ነው፤ ስለዚህ ዜሮ የተላከ ቁጥር −40 ሆኖ ይነበባል። በኢትዮጵያ ምድር ይህ ቁጥር የተቆረጠ መስመር እንጂ ብርድ ሊሆን አይችልም። ቀጥሎ የሶኬቱ ሁለት ምላሶች በቀጭን ሽቦ ይገናኛሉ፤ ንባቡ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ 140 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ቋሚ ሬዚስታንስ ኤሌክትሪኩን ስለሚገታው ይህ ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር ላይ ጉዳት የለውም፤ እግሩ ከሁለት ለሚበዛ ሶኬት ግን የሽቦ ካርታ ሳይታይ አይሞከርም። ሁለቱም ንባቦች ከተገኙ መስመሩ አልተቆረጠም፣ አልተነካካምም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የኮሮላው 250 ኦም ዝገት እነዚህን ሁለት ፈተናዎች ሊያልፍ ይችላል፤ ሽቦው ክፍት ሲሆን ክፍት ነው፣ መገናኛው ቀጭን ሽቦም ዝገቱን ፍቆ ንጹሕ ብረት ሊነካ ይችላልና። እሱን የሚይዘው በሙቅ ሞተር ላይ ሴንሰሩ ብቻውን የሚያሳየውን ኦም ከኮምፒዩተሩ ንባብ ጋር ማስተያየት ነው። ሴንሰሩ 320 ኦም፣ ማለትም 80 ዲግሪ፣ እያለ መሣሪያው 60 ካለ ልዩነቱ የተፈጠረው በመሐል ባለው መንገድ ነው።

አንዳንድ ኮምፒዩተሮች መስመሩ ሲቋረጥ ከራሳቸው ኪስ ቁጥር ያወጣሉ። ቶዮታ መስመሩ መበላሸቱን ሲያውቅ ውሃው 80 ዲግሪ እንደሆነ ገምቶ ሞተሩን ያሠራል፤ በአንዳንድ መኪኖች ይህ ተተኪ ቁጥር በመሣሪያው ላይም ሊታይ ስለሚችል −40 ካልመጣ ሶኬቱ ላይ በመልቲሜትር ቮልቴጅ መለካት ነው። ሴንሰሩ ተነቅሎ፣ ቁልፉ ተከፍቶ 5 ቮልት አካባቢ መገኘት አለበት።

ሴንሰሩን በሙቅ ውሃ የሚፈትኑ መካኒኮች አሉ፤ መልካም ልማድ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይነከራል፣ በቴርሞሜትር እየታየ ኦሙ ይለካል። ስህተቱ ቴርሞሜትር ሳይያዝ «የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ነው» ሲባል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክዳን የሌለው ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በ100 ዲግሪ የሚጠበቀውን ኦም የሚፈልግ ሰው ጤነኛውን ሴንሰር ይጥላል።

ይኸው 92 ዲግሪ ከማንቆርቆሪያው ወጥቶ ራዲያተሩም ውስጥ ይገባል፤ ይህ ለደጋ አገር ሾፌር ሁሉ ሊነገር የሚገባ ነው። የራዲያተር ክዳን መዝጊያ ብቻ አይደለም፤ ግፊት አጥማጅ ነው። 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን በአዲስ አበባ ንጹሕ ውሃን እስከ 114 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ያቆየዋል። ስፕሪንጉ የላላ ወይም ጎማው የተቆረጠ ክዳን ግን ያንን ግፊት ይለቅቃል፤ ውሃው 92 ላይ ይፈላል። በብዙ መኪኖች ቬንትሌተሩ የሚነሳው ከ93 እስከ 96 ባለው ነው። ውጤቱም ውሃው ቬንትሌተሩ ሳይነሳ መፍላቱ ነው። ሾፌሩ ያየው ይህንኑ ስለሆነ «ሴንሰሩ ቬንትሌተሩን አላስነሳም» ይላል፣ ሴንሰር ይቀየራል። ሴንሰሩ ግን 92ን 92 ብሎ ነበር። በአሮጌዎቹ ኮሮላዎች ላይማ ቬንትሌተሩን የሚያዘው የኮምፒዩተሩ ሴንሰር ሳይሆን ሌላ የሙቀት ስዊች ነው፤ ቁልፉ ተከፍቶ የስዊቹ ሶኬት ሲነቀል ቬንትሌተሩ መዞር አለበት፣ ካልዞረ ፊውዙ፣ ሪሌው ወይም የቬንትሌተሩ ሞተር ይጠየቃል። እግረ መንገድ፦ የሞቀ ራዲያተር ክዳን በምንም ምክንያት አይከፈትም። ግፊቱ የያዘው ውሃ ሲለቀቅ በእንፋሎት ፊት ላይ ይወጣል።

ሌላው በሐሰት የሚያስወነጅለው ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ደጀን የሚወጣ ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ አቀበት በሙቀት ስለሚወጣ ሞተሩ ሲግልበት ይህ ምክር ይሰጠዋል። አቀበቱን ሊያሻግረው ይችል ይሆናል። አዲስ አበባ ሲመለስ ግን ሞተሩ በመንገድ ላይ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ይቀራል፤ ኮምፒዩተሩ እንዳልሞቀ ሞተር ቤንዚን ይጨምርለታል፤ ፒ0128 ይወጣል፤ ነዳጅ በዛ ተብሎ ሴንሰር ይቀየራል። ሴንሰሩ እውነቱን ተናግሯል፤ የጎደለው ቴርሞስታቱ ነው። ሞተር ሙቀት ይወዳል፤ የተሠራው በዚያ ሙቀት እንዲለካካ ነው። ይህ ዲስኩር የሚሟገተው ቴርሞስታት ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ የሚግለውም ሞተር ለምን እንደሚግል ራዲያተሩ፣ የውሃ ፓምፑና ክዳኑ ተፈትሸው እንዲታወቅ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሐሰት ደግሞ ውሃ ሲጎድል የሚመጣው ነው። ሴንሰሩ የሚለካው ብረቱን አይደለም፤ አፍንጫውን የነካውን ፈሳሽ ነው። ውሃው ሾልኮ አፍንጫው አየር ላይ ሲቀር ንባቡ እንዲያውም ሊወርድ ይችላል። ጌጁ ወደ ቀዝቃዛ ሲመለስ ሾፌሩ «ዳነ» ብሎ ይነዳል፤ በዚያው ሰዓት ቴስታታው ይጣመማል፣ ጋስኬቱ ይቃጠላል። በመንገድ ላይ ግሎ የነበረ ጌጅ ሳይቆም በድንገት ከወረደ መቆም፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። የቧንቧ ውሃ ብቻ ለዓመታት ሲሞላበት የኖረ ሞተርም የራሱ ችግር አለው፦ ዝገትና ነጭ ቅርፊት የሴንሰሩን አፍንጫ እንደ ካባ ይለብሰዋል፤ ንባቡ ይዘገያል። እንዲህ ያለ ሴንሰር ሲወጣ የሚቀየረው ዕቃ አንድ ይሁን እንጂ የሚታጠበው መላው ሥርዓት ነው፤ የሚሞላውም ኩላንት መሆን አለበት።

በጥር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይህን ጉዳይ ከጋራዥ ጨዋታ ከፍ ያደርገዋል። ያሉት ቤንዚን መኪኖች ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ይጠበቃል፤ ሽቦዎቻቸውና ሶኬቶቻቸውም አብረው ያረጃሉ። በምትካቸው በሚገቡት ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ውስጥ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ሙቀት የሚለካው በዚሁ ዓይነት ፍሬ ነው። ሽቦና ሶኬት መመርመር የተማረ እጅ ሥራ አይፈታም።

ሴንሰሩ በእርግጥ ሲበላሽ፣ ማለትም በቀዝቃዛም በሙቅም ተለክቶ ከቁጥሩ ሲወጣ፣ አቀያየሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ይቀዘቅዛል፤ ክዳኑ ያኔ ይከፈታል፤ ውሃው ከሴንሰሩ ቦታ በታች እስኪሆን ይቀነሳል። አዲሱ ዕቃ ከመገጠሙ በፊት በክፍሉ ሙቀት ኦሙ ይለካል፤ በካርቶን ያለ ሁሉ ጤነኛ አይደለምና። ጉልበት አያስፈልገውም፤ ናስ በአሉሚኒየም ውስጥ ሲጨናነቅ ጥርስ ይበላል። ውሃው ተመልሶ ሲሞላ ሞተሩ ክዳኑ እንደተከፈተ ከቀዝቃዛ ተነስቶ፣ የመኪናው ማሞቂያ ተከፍቶ፣ አረፋው እስኪያልቅ ይጠበቃል፤ ከዚያ ክዳኑ ይዘጋል። የቀረች የአየር ኪስ አዲሱንም ሴንሰር ታሳስተዋለች።

ኮሮላው አዲስ ሴንሰር አላስፈለገውም። የሶኬቱ ምላሶች በኤሌክትሪክ ማጽጃ ታጠቡ፣ የላላው ምላስ ተጠበቀ፣ የጎማ ማኅተሙ ተቀየረ። ሞተሩ ሞቆ መሣሪያው 60 ይል የነበረው 84 አለ፤ ሚኒሞው ወረደ፣ ጭሱ ጠራ። ሞቆ ጠፍቶ ሃያ ደቂቃ ቆመና በአንድ ቁልፍ ተነሳ። መካኒኩ ግን ቁልፉን ለባለቤቱ ሲመልስ አንድ ነገር አሳሰበው፤ ነገ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የውሃውንና የአየሩን ቁጥር አንብቦ እንዲደውል።